የሜላት ጉልበት በቆሰበር ግድግዳ ላይ

መጀመሪያ እቴናት ግድግዳውን በመዳፏ ትዳብሰዋለች። እብጠትና ስንጥቅ በዓይን አይገኝም፣ በእጅ ነው የሚገኘው ትላለች። የላላውን አሮጌ ቀለም በስፓቱላ ትፍቃለች፤ ስንጥቁን በስቱኮ ትሞላለች። ስቱኮው እስኪደርቅ ቆማ አትጠብቅም፣ ሄዳ ቀለሟን ትበጠብጣለች። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ክብ እያዞረች ታለሰልሰዋለች፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ታነሳለች፣ ከዚያ ነጩን አንዴ በቀጭኑ፣ አንዴ በወፍራሙ ትቀባለች። ቀጥሎ ክር ነው። ክሩን በከሰል ዱቄት አሽታ፣ አንዱን ጫፍ በምስማር አስራ፣ ሌላውን ወጥራ ትይዝና መሐሉን ሳብ አድርጋ ትለቀዋለች። ጧ ይልና ጥቁር መስመር ጥሎ ይመለሳል። ቁልቁልም አግድምም ስትመታው ግድግዳው እንደ ሂሳብ ደብተር በአራት ማዕዘን ይሞላል። ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶም እንደዚያው ከፋፍላዋለች። ከዚህ በኋላ እቴናት ፈረስ አትስልም። አንድ አራት ማዕዘን ትስላለች፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን። ፈረሱ መጨረሻ ላይ ራሱ ይመጣል።

ዓይኑን ግን በሌላ ብሩሽ ነው የምትሠራው። እጀታው ቀርከሃ ነው፣ ፀጉሩ የፈረስ ጭራ። ጭራውን እኩል ቆርጣ፣ በሰም በተነከረ ክር ሰባት ጊዜ ጠምጥማ ራሷ ታስረዋለች። ጭራውን የሚሰጧት አያ ገብረ ማርያም ናቸው፣ ከዳማ ፈረሳቸው ላይ እየቆረጡ። ይህ ጭራ ኋላ ስለሚመጣ እዚህ ላይ ይታወቅልኝ።

እቴናት የቆሰበር ልጅ ናት። ደብዳቤ ላይ የከተማዋን ስም እንጅባራ ብላ ትጽፋለች፣ አፏ ግን ቆሰበር ነው የሚለው። ቴክኒክና ሙያ ገብታ የሕንፃ ማጠናቀቅ ተማረች፤ ልስን፣ ንጣፍና ቀለም። የወደደችው ቀለሙን ነው። የሥጋ ቤቱ በሬ የእሷ ነው። የልብስ ሰፊው መቀስ የእሷ ነው። የፀጉር ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ያሉት ሴቶች በሙሉ አንድ ዓይነት አፍንጫ ያላቸው፣ ፊቷን በመስታወት እያየች ስለሠራቻቸው ነው። እኔ አጠገቧ ብረት እበይዳለሁ። ሰሌዳ ሲሆን ፍሬሙን እሠራላታለሁ፣ ግድግዳ ሲሆን መሰላሉን እይዝላታለሁ። ስለዚህ የማወራው ከመሰላሉ ሥር ያየሁትን ነው።

ባነር ማተሚያው ሲመጣ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሄዱ። ማተሚያው የበሬ ፎቶ ያወጣል፣ ያውም በግማሽ ቀን። ለብሩሿ የቀራት አንድ ዋና ሥራ ነበር፤ በጥር፣ በፈረሰኞቹ በዓል፣ አደባባይ የሚቆመው ትልቁ ሰሌዳ። እሱን ማን እንደሚሠራ የሚወስኑት አያ ገብረ ማርያም ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሜዳ ላይ ሲጋልቡ ግን ዕድሜ የሚጠይቃቸው የለም። ባነር ቢያሳዩአቸው፣ የታተመ ፈረስ ዓይኑ አያይም ብለው መለሱት። እሳቸው ፊታቸውን ያዞሩባት ዕለት እቴናት ብሩሿን ሰቅላ ከማተሚያው ኮምፒውተር ፊት መቀመጧ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

እንግዲህ ልጆቹ መጡ። ጊታር የሚመታው ሽባባውና የምትዘፍነዋ ሜላት። ቡድናቸውን "ልጓም አልባ" ብለውታል፣ የሚጫወቱትን ደግሞ ሮክ። ለእኔ የወፍጮ ቤት ሞተርና የእኔ ግራይንደር አንድ ላይ ሲነሱ የሚሰማው ነው፤ ልጅቷ ግን ድምፅ አላት፣ በአገውኛ ስትጀምረው መበየጃዬን አጠፋለሁ። አዲስ አልበም አውጥተው ቅዳሜ በመሳፍንት አዳራሽ ሊያስመርቁ ነው። የአዳራሹ የውጭ ግድግዳ አስፋልቱን ፊት ለፊት ያያል፤ እዚያ ላይ የአልበሙ ሽፋን ይሳልልን አሉ። ሽፋኑ ሽባባው በጥር በዓል በስልኩ ከፊት በኩል ያነሳው ፎቶ ነው። ሜላት የአያ ገብረ ማርያምን ዳማ ለምና ለአፍታ ተቀምጣበታለች፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ፀጉሯን በትና፣ ቀኝ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ለብሳ። የተቀደደው ተገዝቶ ነው እንጂ አርጅቶ አይደለም፤ ይህንን ለእናቷ ለእመቤት ማስረዳት ራሱ ሁለት ወር ፈጅቷል።

ፎቶው ላይ ያ ጉልበት የምስር ፍሬ ያህል ነው። ግድግዳው ላይ ሲወጣ የድፎ ዳቦ ያህል ሆነ።

እሑድ ሥዕሉ አለቀ። ሰኞ ጠዋት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ወደ አዳራሹ ባለቤት ወደ መሳፍንት መጥተው ይህ ነገር ነውር ነው አሉ። ከሰዓት የወንጌል አማኞቹ መዘምራን መጥተው ያንኑ አሉ። በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ማታውን አንዱ ሥዕሉን ፎቶ አንስቶ፣ ጉልበቱን በቀይ ከብቦ፣ "ልጆቻችሁ ይህንን እንዳያዩ" ብሎ በቴሌግራም ለቀቀው። ማክሰኞ ልጆች ከየትምህርት ቤቱ ሊያዩት መጡ።

መሳፍንት ክፉ ሰው አይደለም። አዳራሹ የሠርግም የስብሰባም ስለሆነ ሁሉም ሰው ደንበኛው ነው፣ ችግሩ ይህ ነው። እቴናትን ጠርቶ፣ በዘዴ እንድትሸፍነው ለመናት። እሷም የተማረች ሠራተኛ ናት፤ የተቀደደ ነገር በምን ይሸፈናል፣ በእራፊ። የተረፋት ቀለም ቀይ ነበርና ቀይ እራፊ ደረበችበት። ያን ጊዜ ጉልበቱን ያላየ ባጃጅ ነጂ እንኳ ፍሬን እየያዘ ማየት ጀመረ። እራፊውን አጥፍታ ረጅም ነጭ ቀሚስ አለበሰቻት። አሁን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ እመቤትን እንኳን ደስ አለሽ፣ ምነው ሳትጠሪን ዳርሻት ይላት ገባ። ሽባባው መጥቶ፣ ሮክ በሙሽራ ቀሚስ አይዘፈንም፣ ይህ ከሆነ ገመዱን ነቅዬ እሄዳለሁ አለ።

መሳፍንት ራሱን ይዞ ግድግዳውን ብዙ አየው። ከዚያ መፍትሔ የመጣለት ሰው ፊቱ በራ።

"ልጅቷን አውርጃት" አለ። "ፈረሱ ብቻ ይቅር። ፈረስ ማንን አስቀይሞ ያውቃል?"

ረቡዕ ሜላትን አወረደቻት። ሰው ሲነሳ የሰው ቦታ ባዶ ይሆናል፤ እዚያ ምን እንደነበር ማወቅ ስለነበረባት፣ ዳማው ተጭኖ የቆመበትን ሌላ ፎቶ ከስልኳ ፈልጋ አገኘች። እቴናት ደግሞ የጀመረችውን በግማሽ አትተውም። ኮርቻውን ሠራች። የአያ ሟች ባለቤት የጠለፉለትን ግላስ፣ ያንን የኮርቻ ልብስ፣ ከነመስቀሉ፣ ከነዘርፉ ሠራች። ግራው እርካብ በሰማያዊ የናይሎን ገመድ የተጠገነ ነው፤ ያንንም አልዘለለችም። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል "ቅዳሜ በ8 ሰዓት፣ ማንም እንዳይቀር" ብላ ጻፈች። መሳፍንት መጥቶ እፎይ አለ። ሽባባው እንኳ፣ ምሥጢር ያለው ይመስላል ብሎ ወደደው። እኔም ከመሰላሉ ሥር ሆኜ ግላሱ እንዴት አምሯል አልኳት። የሁላችንም ዓይን ያ ጉልበት የነበረበት ቦታ ላይ ነበር። አለመኖሩን አየንና ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን።

እዚህ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል። ኮርቻው፣ ግላሱ፣ ልጓሙ አንድም ሳይጎድል ይደረግለትና፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ በዛብ እየተሳበ ለቅሶው መሐል ይገባል። ይህንን ለማንም ማስተማር አያስፈልግም። እቴናት የአባቷን ፈረስ እንደዚያ ሲገባ አይታለች። እኔም የአጎቴን አይቻለሁ። መሳፍንትም የማንን እንዳየ ባላውቅ አይቷል። አንዳችንም ትዝ አላለንም።

ሐሙስ ይኸነው የሚባል የዳንግላ ጋሪ ነጂ የጋሪ ጎማ ፍለጋ መጥቶ በግድግዳው ፊት አለፈ። ዳማውን ያውቀዋል። የግንባሩን ቦቃ፣ ግላሱን፣ ሰማያዊዋን ገመድ ሳይቀር ያውቃል። ቀኑና ሰዓቱም ተጽፏል። ባርኔጣውን አውልቆ ፎቶ አነሳና፣ "ነፍስ ይማር" ብሎ ዳንግላ ላሉት ለአያ ገብረ ማርያም እህት ልጆች ላከ። እህቲቱ ወይዘሮ እታለማሁ ይባላሉ። ወንድማቸው ስልክ አይዙም፤ ስለዚህ ደውሎ ማጣራት የሚባል ነገር አልነበረም። ደግሞስ ግድግዳ ላይ የተሳለ ለቅሶ ማን ያጣራል?

ዓርብ ጠዋት፣ ቅዳሜን ሳይጠብቅ፣ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ለቀስተኛ ከዳንግላ ተነሳ። አያ ገብረ ማርያም በዚያ ሰዓት ግቢያቸው ውስጥ የዳማውን ጋማ ያበጥራሉ። ለቀስተኛው ከሚኒባሱ ወርዶ ሲያለቅስ ከመንገዱ ሰሙ። ሰው አዝኖ ሲያልፍ ዝም ብለው የሚቀመጡ አይደሉምና ጋቢያቸውን ደርበው ወጥተው ከለቀስተኛው ተቀላቀሉ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው፤ ማንም አላያቸውም። ጥቂት አብረው ከሄዱና ጥቂት ካለቀሱ በኋላ አጠገባቸው ያለውን ሰው ማን እንደሞተ በቀስታ ጠየቁት።

"አያ ገብረ ማርያም" አላቸው ሰውየው ቀና ሳይል።

"የትኛው ገብረ ማርያም?"

"ባለ ዳማው።"

ከዚያ የሆነውን የሚያወራው ሰው ሁሉ በየራሱ መንገድ ያወራዋል። ሁሉም የሚስማሙበት፣ ወይዘሮ እታለማሁ ወንድማቸውን ባዩ ጊዜ መጀመሪያ እንደወደቁ፣ ከተነሱ በኋላ ደግሞ እንደተቆጡ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ይዤ መጥቼ ቆመህ ትጠብቀኛለህ ወይ አሏቸው ይባላል። አያ ወሬው ከየት እንደመጣ ጠየቁ። ስልኩን አሳዩአቸው። ሥዕሉ የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ የፈረሱን ዓይን ማየት በቃቸው፤ በራሳቸው ፈረስ ጭራ የተሠራ ነው።

ረፋዱ ላይ ወይዘሮ እታለማሁ ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ ሱቃችን በር ላይ ቆሙ። እቴናት የቡና ቤት ሰሌዳ ትፍቅ ነበር።

"ወንድሜ ጭራዬን ትመልስ ብሏል" አሏት። "የእኔን እንባ ደግሞ ማን እንደሚመልስልኝ አላውቅም።"

በዚያች ቅጽበት ነው ኮርቻው ትዝ ያላት። እጇ ላይ ያለውን ስፓቱላ አስቀመጠች፤ እንዳትቀመጥ ወንበሩ ላይ ቀለም ነበር። ከዚያ ሦስቱን የጭራ ብሩሾች በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። መሰላሉን እንድይዝላት ጠየቀችኝ። ምን ልትሠራ እንደሆነ አላወቀችም፤ ግን ያለ መሰላል ግድግዳ ፊት ቆማ አታውቅም።

እሳቸው ቀድመውን ደርሰዋል። ዳማውን ጭነው፣ ተቀምጠውበት፣ አስፋልቱን መሐል ለመሐል ይዘው ነው የመጡት፤ ያየ ሁሉ በሕይወት መኖራቸውን እንዲያይ። ሰው ከየሱቁ ወጥቷል። መሳፍንት በአዳራሹ በር ቆሟል። ሽባባውና ሜላት የድምፅ ማጉያ ተሸክመው እንደያዙ ቀርተዋል። ሕያው ዳማ ለተሳለው ዳማ አፍንጫውን ዘረጋለት፣ አሸተተው፣ ቲነሩ ሲነካው አነጠሰ።

"አያ፣ ጭራዎን አምጥቻለሁ" አለች እቴናት።

አልተቀበሏትም። ከፈረሱ ሳይወርዱ ሥዕሉን ከጆሮ እስከ ኮቴ መረመሩት።

"ግላሱ ልክ ነው" አሉ። "የእርካቡን ገመድ እንኳ አልረሳሽው። እኔን የት አደረግሽኝ?"

አልዋሸችም። እርስዎን አላሰብኩም አለቻቸው። የጉልበቱን ነገር፣ የእራፊውን፣ የቀሚሱን፣ ልጅቷ እንዴት እንደወረደች ተራ በተራ ነገረቻቸው። ልጅቷን ሳወርድ ኮርቻውንም ማውረድ ነበረብኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ፈረስ ስዬ ይህን መርሳቴ ነው የሚያሳፍረኝ አለች። የምን ጉልበት ነው ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያውን ሥዕል በስልኳ ሰጠቻቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። ሜላት የድምፅ ማጉያው ጀርባ ተሸሸገች።

"የእግሯን አውራ ጣት ብቻ እርካቡ ውስጥ አስገብታለች" አሉ በመጨረሻ። "ይህንን ማን አስተማራት?"

"እርስዎ፣ አያ" አለች ሜላት ከድምፅ ማጉያው ጀርባ። "ጥር ላይ።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መሳፍንት ዞሩ። መሳፍንት ስለ ባህል ተናገረ። ስለ ወጣቱ ተናገረ። የሴት ልጅ ጉልበት አደባባይ ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል እያሳጠረ ሊናገር ሞክሮ አስረዘመው። አያ እስኪጨርስ አዳመጡት። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእህታቸው ሰጡ። ከሥሩ የለበሱት አረንጓዴ ካኪ ቁምጣ ነው። ጎጃም ውስጥ ቁምጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ የእሳቸው ግን ከአዳራሹ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያጠረ ቁምጣ ነው። ሁለቱም ጉልበቶች ከነጠባሳቸው፣ ከጉልበትም በላይ አንድ ስንዝር ያህል፣ ለቆሰበር ሕዝብ ይታያሉ።

"እኔን የገደላችሁኝ በአንድ ጉልበት ነው" አሉ። "እኔ ሁለት አለኝ። በይ ሳዪኝ።"

እቴናት ነጭ ቀለም ከፈተች። ከኮርቻው በላይ ያለውን አጽድታ ክሯን እንደገና መታች፤ ጧ፣ ጧ። እሳቸው ዳማው ላይ እንደተቀመጡ፣ ሳይንቀሳቀሱ ቆዩ። ፈረሱ ግን ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ አንድ ጊዜ የማይሆን ነገር አደረገ፤ መሳፍንት አካፋ ፍለጋ ሄደ። ሲመለስ እቴናት አጠገብ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቁምጣውን ትንሽ ብታስረዝሚውስ አላት።

"ለእሳቸው ንገራቸው" አለችው፣ ብሩሿን ከግድግዳው ሳታነሳ።

አልነገራቸውም።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ አያ አንድ ነገር ቆረቆራቸው። የሚዘፍነው ማን ነው፣ እኔ ነኝ እንዴ ብለው ጠየቁ። ሜላት መሆኗ ሲነገራቸው፣ ታዲያ ምን ትጠብቃለች፣ ትፈናጠጥ አሉ። ያንኑ ጂንስ እንደለበሰች ከኋላቸው ወጣች። እቴናት አንድ አራት ማዕዘን ሠራች፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጨርሳ ስትወርድ ግድግዳው ላይ ሦስት ጉልበት ነበር፤ ሁለቱ የአያ፣ ሦስተኛው ከእነሱ ኋላ በቅዳጁ ብቅ ያለው የሜላት። ከአንድ ተነስተን ሦስት ላይ ደረስን። ሰኞ ጠዋት የመጡት ወጣቶች ቅዳሜ መጥተው አዩት፤ አያን ሰላም አሉና ሄዱ። በሰባ ስድስት ዓመት ሰው ጉልበት ላይ ነውር ነው የሚል አልተገኘም።

ከመጨረሷ በፊት የቀራት የአያ ዓይን ነበር። እቴናት ጨርቁን ፈትታ የጭራውን ብሩሽ ስታወጣ ወደ እሳቸው አየች፣ እንደ ጥያቄ። እሳቸውም ብሩሹን ከእጇ ወስደው ጫፉን በጣታቸው ዳበሱት፤ ሳስቷል፣ ለጥር ሰሌዳ ሌላ ቆርጬ እሰጥሻለሁ ብለው መለሱላት፤ ዓይኑንም ሠራችው። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠችው። ከሱቅ ያመጣሁላት ወንበር ላይ ቀለም መኖሩን ረስታ።

በስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ሁለቱ ሚኒባሶች ከነለቀስተኛቸው አልተመለሱም ነበር፤ ለለቅሶ ያመጡት ምግብ የዘፋኞቹ ምሳ ሆነ። ወይዘሮ እታለማሁ ነጠላቸውን አቅንተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አያ እስከ ሦስተኛው ዘፈን ቆዩና ዳማው ብቻውን ነው ብለው ወጡ። ስለ ሮክ ምን እንዳሉ ጠየቅኳቸው። ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ያ ሽቦውን የሚያስጮኸው ግን ማን እንደበደለው ይጠየቅ አሉ።

ግድግዳው አሁንም አለ። ባዶው ኮርቻም አለ፤ ከግድግዳው ጠፋ እንጂ ከስልክ አልጠፋም። ይኸነው የላከውን ፎቶ የተቀበለ ሁሉ ለሌላው ልኮታል። ባለፈው ሳምንት አንድ እህል ነጋዴ ከጫግኒ እያለቀሰ መጣ። አያ ለምደውታል፤ የመጣውን ለቀስተኛ አስገብተው፣ ጠላ ቀድተው፣ ስለ ራሳቸው ደግ ደጉን ሲያወራ ያዳምጡታል። ከዚያ ነው ማን እንደሆኑ የሚነግሩት። እቴናት ግን አልለመደችውም። ይህንን እንደምጽፍ ስትሰማ እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ መጨረሻው ላይ የእሷን ቃል እንዳስገባ አስማለችኝ። ቃሏ ይኸው፤

"ባዶ ኮርቻ የተጫነ ዳማ ፈረስ ስልካችሁ ላይ ከደረሰ፣ እባካችሁ ለማንም አትላኩት፤ አጥፉት። ለላከላችሁም ሰውየው ደኅና ናቸው፣ ቁምጣ ለብሰው ግድግዳ ላይ ተቀምጠዋል በሉት። ካላመናችሁ መጥታችሁ እዩ። ስትመጡ ግን ጉልበታቸውን አትንኩብኝ። የሚያልፈው ሁሉ እየዳበሰ ቀለሙን ጨረሰው።"